ትምህርት ቤቱ ለምን ገላጣው ላይ ተሠራ? በገጠር ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት መምህርት ስልክ ደወለችልኝ። ቁጥሬን የሰጣት የድሮ ባልደረባዬ ነው። የተመደበችው እኔ በወጣትነቴ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «ከታች ምንጭ አለ፣ ከላይ የባሕር ዛፍ ከለላ አለ። ታዲያ ይህ ትምህርት ቤት ለምን ነፋስ በሚገርፈው ገላጣ ሜዳ ላይ ተሠራ? ተማሪዎቹ አያውቁም፤ ርዕሰ መምህሩም አያውቁም፤ ወረዳ ሄጄ ብጠይቅ ፋይል የለም አሉኝ።»

ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ስጠብቀው ኖሬያለሁ። መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮችና የወረዳ ባለሙያዎች በዚያ ሜዳ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ለምን እዚህ ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። በስልክ የመለስኩላት በጥቂቱ ነው። እዚህ በሰፊው የምጽፈው ለእርሷም፣ በየገጠሩ ለተመደባችሁትና ነገ ለምትመደቡትም ነው። ሰዓት አክብሩ፣ ተዘጋጅታችሁ ክፍል ግቡ፣ ልጅ አትምቱ የሚለውን ከማሠልጠኛ ይዛችሁት ወጥታችኋል፤ እርሱን አልደግመውም።

ቦታው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ያለ ደጋ ነው። ገብስ፣ ባቄላና ድንች የሚበቅልበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት አገር። በሁለት ተዳፋት ላይ ሁለት አጥቢያዎች ነበሩ፤ በአንደኛው በኩል ጊዮርጊስ፣ በሌላኛው በኩል ማርያም። በመካከላቸው ሁለቱም ከብት የሚያሰማሩበት፣ ዛፍ የሌለው የወል ግጦሽ አለ። ምንጩ ከግጦሹ ዝቅ ብሎ በማርያም በኩል ይፈልቃል። ወንዶቹ ምንጩን «የማርያም ሰዎች ምንጭ» ይሉት ነበር። በበጋ የጊዮርጊስ ሴቶችም የሚቀዱት ከዚያው ነበር። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ወደ ስብሰባው ከመግባቴ በፊት ግን በዚያ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዴት ይታይ እንደነበር መናገር አለብኝ። ጎጃም ትምህርትን የሚሸሽ አገር ሆኖ አያውቅም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔና የመጽሐፍ አገሮች ናቸው፤ ከየማዕዘኑ የመጣ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ የሚንከራተትባቸው። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ዳዊት የደገሙ ዲያቆናት አንደኛ ክፍል ሊመዘገቡ ይመጡ ነበር። ንባባቸውን ስንሰማ ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ ሦስተኛ ክፍል እናሻግራቸዋለን፤ የሚቸገሩት በሒሳብ ብቻ ነበር። አንዱ ዲያቆን የማባዛት ሠንጠረዥን በዜማ አጥንቶት መጥቶ ክፍሉን በሙሉ በዚያው ዜማ አስተምሮልኛል። ከዚያ በኋላ እኔም ሁልጊዜ በዜማ ነበር የማስተምረው።

ሕዝቡ የሚጠራጠረው የመንግሥትን መዝገብ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር የሚባል ታውጆ ገበሬው ከመሬት ግብሩ ጋር ሲከፍል ኖሯል፤ በየጠቅላይ ግዛቱም ገንዘቡን የሚመለከት የትምህርት ቦርድ ተቋቁሞ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ የሚሠሩት ግን በአብዛኛው በከተማ ነው። የጮቄ ሥር ገበሬ ከፍሎ ልጁ አልተማረለትም። ከዚያ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ተነሡ። ጎጃም ርስቱን በቀላድ፣ በመሬት መለኪያ ገመድ፣ አላስለካም ብሎ የኖረ አገር ነው፤ ግብሩንም የመሬት መለካት መጀመሪያ አድርጎ አየው። መንግሥት ጦር ላከ፣ ከአውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግብሩ ቀረ፣ ጠቅላይ ገዢውም ተነሡ። ያን ዘመን ያየ ሽማግሌ ፊት መዝገብ ይዞ ቀርቦ «ስንት ልጅ አለዎት?» ማለት ምን እንደሚመስል እናንተ አታውቁትም። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ይቀንሱ ነበር። ሴቶቹን ጨርሶ አይቆጥሯቸውም።

ይህን የለወጠው፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ከታወጀና የእድገት በኅብረት ዘማቾች በየገጠሩ ካለፉ በኋላ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ስለዚያ መንግሥት ብዙ ክፉ መናገር ይቻላል፤ እኔም ወንድሜን ወስዶብኛል። ማታ በኩራዝ ብርሃን አባቶችና እናቶች ፊደል ሲቆጥሩ ግን አይቻለሁ፤ ያየሁትን አልክድም። ፊደል የቆጠረ ወላጅ ልጄስ አለ። ሁለቱ አጥቢያዎች ትምህርት ቤት ይሠራልን ብለው ራሳቸው ጠየቁ።

ስብሰባው የተጠራው በ1972 ዓ.ም. በጋ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እኔ በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ነበርኩ፤ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተላክሁ። ከአውራጃው አንድ ባለሙያ በበቅሎ መጡ። የሁለቱ ገበሬ ማኅበራት ሊቀመናብርት፣ ቄሰ ገበዞቹ፣ ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሴቶች ከኋላ፣ ራቅ ብለው። ባለሙያው ንግግር አድርገው ሲያበቁ ሜዳውን ለመለካት ገመድ አወጡ። ገመዱን እንዳዩ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። ባለሙያው ለምን እንደሄዱ አልገባቸውም። እኔ ገብቶኛል፤ አባቴም ያው ነበርና።

ሰዓታት የፈጀው ክርክር ስለ ቦታው ነበር። ጊዮርጊሶች «ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥር ይሁን» አሉ። ማርያሞች «ከእኛ» አሉ። ከማርያም በኩል ቢሠራ እንጨቱን አናዋጣም የሚል ከጊዮርጊስ በኩል ተነሣ፤ ከጊዮርጊስ በኩል ቢሠራ ድንጋዩን አንሸከምም የሚል ከማርያም በኩል መለሰ። ሽማግሌዎች ገብተው አበረዱና መካከለኛው ሜዳ ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ። የማንም አይደለም፣ ለሁለቱም እኩል ነው፣ የሚፈርስ እርሻ የለም፣ የሚቀየም ሰው የለም። ባለሙያውም ወደዱት። በያዙት ቅጽ ላይ የቦታው ስፋት፣ ከየመንደሩ ያለው ርቀትና ከሌላ ትምህርት ቤት የሚለየው ርቀት ይጠየቅ ነበር፤ ሜዳው ሁሉንም ያሟላል።

ሊቀመንበሩ «ሌላ የሚናገር አለ?» ብለው ዙሪያውን ሲያዩ ከኋላ አንዲት እማሆይ ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ የጊዮርጊስ ሰው ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የልጅ ልጆቻቸው እዚያው አሉ። ለመምህርቷ ነግሬያታለሁ። የተናገሩትን በቃሌ እይዘዋለሁ፣ በእጄ የጻፍኩት ነውና።

«ምንጩ ዳር ይሁን» አሉ። «የማርያም ነው የምትሉት ምንጭ የሁላችንም ሴቶች የምንገናኝበት ነው። ሴት ልጅ በማለዳ እንስራዋን አዝላ ትወርዳለች፤ እንስራዋን ከምንጩ ዳር አኑራ ትማራለች፤ ስትጨርስ ቀድታ ትመለሳለች። ያን ጊዜ እናቷ አትከለክላትም፣ ውኃው አልጎደለባትምና። ሜዳው ላይ ከሠራችሁት ግን የወንዶች ትምህርት ቤት ይሆናል።»

ዝም ተባለ። ከዚያ ከራሳቸው አጥቢያ አንድ ሰው «እማሆይ፣ የእኛን መሬት ትተው ለማርያም ይሟገታሉ?» አሉ። ሳቅ ሆነ። ባለሙያው በትሕትና «ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ውኃ ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው» ብለው መለሱ። ሊቀመንበሩ እጅ አስወጡ፤ ሜዳው ተመረጠ። እኔ ዕድሜዬ ከሁሉም ያነሰ፣ የመጣሁትም ለመጻፍ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሸንጎ ጸሐፊ ሐሳብ አይሰጥም። ልቤ ግን ከእርሳቸው ጋር ነበር። እናቴ እህቶቼን ያስቀረችው በውኃ ምክንያት ነው። ማንም ሳያዘኝ ንግግራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፍኩት። ቃለ ጉባኤው ሲፈረም አብዛኛው ሰው አሻራ አደረገ። እማሆይ ግን ብዕሩን ተቀበሉኝና፣ ዘመቻው ባስተማራቸው ፊደል፣ ስማቸውን በትላልቁ ጻፉ።

ትምህርት ቤቱ ተሠራ። ጊዮርጊሶች ባሕር ዛፍ አመጡ፣ ማርያሞች ድንጋይ ተሸከሙ፣ ሴቶች ውኃ ከምንጩ እየቀዱ ጭቃውን በጭድ አቦኩ። ቆርቆሮው በመዋጮ ተገዛ። ጥሩ የጭቃ ቤት ነበር። እኔም ወደዚያው ተዛወርኩ። የመጀመሪያውን ስም ጥሪ ሳነብ እማሆይ የተናገሩትን ሰማሁት። የወንድ ስም፣ የወንድ ስም፣ የወንድ ስም፣ አልፎ አልፎ አንዲት ሴት። ከመጡትም አብዛኞቹ ሦስተኛ ክፍል ሳይደርሱ ይቀሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ሒሳብን ከእኔ ቀድማ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ወንድሟን ተከትላ እንስራ ይዛ ትመጣና በእረፍት ሰዓት ወደ ምንጩ ወርዳ ትመለሳለች። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ስትደርስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጋምሷል። እኔ አስገባታለሁ፤ ሌሎቹ መምህራን ግን ደንብ ነው ብለው ይመልሷት ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄጄ እናቷን ለመንኩ። እናቷ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ቡና አፈሉልኝ፣ ባዶውን ጋን አሳዩኝ። ሌላ ምን ይበሉኝ?

መንደር ምሥረታው ሲመጣ ነገሩ የሚቃና መሰለኝ። ሕዝቡ ከየተዳፋቱ ተነሥቶ በሜዳው ዙሪያ እንዲሰፍር ታዘዘ፤ ትምህርት ቤቱ ድንገት የመንደር መሐል ሆነ። ሰው ግን ወዶ አልመጣም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅና ግዴታው ሲላላ ቤቱን እያፈረሰ፣ ማገሩንና ቆርቆሮውን ተሸክሞ ወደ አባቱ ቦታ ተመለሰ። ሜዳው እንደገና ባዶውን ቀረ። የመሠረት ድንጋዩ መስመር ዛሬም በክረምት ሣሩ ሲበቅል ይታያል።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት ኢሕአዴግ ጎጃምን ሲይዝ በአንዱ አስተዳደር መውጣትና በሌላው መግባት መካከል ጠባቂ የሌለበት ጊዜ ነበር። በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ። የእኛው ተራቆተ፤ ቆርቆሮው፣ ዴስኩ፣ በሩ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሳይቀር ሄደ። የወሰደው ሩቅ ሰው አልነበረም። ከእኛ ብዙም የማይርቅ ሌላ ትምህርት ቤት ግን አንድ ምስማር አልጎደለበትም። እርሱ ከአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተሠራ ነበር። ሰዎቹ ዴስኩን በየቤታቸው አስገቡት፣ መዝገቦቹን በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቆለፉባቸው፣ ነገሩ ሲረጋ አንድ በአንድ መለሱት። የእኛን ሁለቱም አጥቢያዎች ሌላው ይጠብቀዋል ብለው ተዉት። ለማንም እንዳያዳላ ተብሎ የተመረጠው ቦታ ባለቤት አልነበረውም።

ከቆርቆሮው በላይ የሚቆጨኝ ወረቀቱ ነው። የተማሪዎች መዝገብ፣ ሮስተር፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ውጤት፣ የመዋጮው ሒሳብና ያ ቃለ ጉባኤ በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ሣጥኑ ለዱቄት ተፈለገ፤ ወረቀቱ ሜዳው ላይ ተበተነ። ወደ አውራጃ የተላከው ቅጂም ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማስረጃ ፈልገው ስንት ሰዎች ወደ እኔ መጡ! ሥራ ሊቀጠሩ፣ ትምህርት ሊቀጥሉ፣ ዕድሜያቸውን ሊያስረዱ። መማራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ግን ማኅተም የለውም። የእማሆይ ቃልም እንዲሁ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ፤ በ1994 ዓ.ም. ገደማ በጀቱ ወደ ወረዳ ሲወርድ እኔም ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ። የሴቶች ተሳትፎ ለምን አነሰ በሚል በየስብሰባው ሰነድ ይቀርብ ነበር። ባለሙያዎች መጥተው የውኃ ርቀት ሴት ልጆችን ከትምህርት ያስቀራል ብለው በስላይድ አሳዩን። ትክክል ነው። እጄን አውጥቼ «ይህን አንዲት እማሆይ በ1972 ዓ.ም. ተናግረዋል፣ ቃለ ጉባኤም ተይዞ ነበር» አልኩ። የት አለ ተባልኩ። የሚታይ ነገር አልነበረኝም። እማሆይም አርፈው ነበር።

በኋላ ከምንጩ በላይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር ሳተላይት ትምህርት ቤት እንዲከፈት ተከራክሬ ተሳካልኝ። በዳስ ጀመረ። ሴቶቹ እንስራና ጀሪካን ይዘው መጡ፤ በሁለተኛው ዓመት ከወንዶቹ እኩል ተቀምጠው አየኋቸው። አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ወደ ሜዳው መውጣት አለባቸው፤ ግማሾቹ እዚያው ላይ ይቆማሉ። ሜዳው ላይም አንድ ድርጅት የእጅ ፓምፕ ተክሎ ነበር። ሲበላሽ ጊዮርጊሶች ማርያሞችን ጠበቁ፤ ማርያሞች ጊዮርጊሶችን።

ልጆቼ፣ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ስጠየቅ ሁልጊዜ «ሕዝቡ ራሱ ይወስን» እላለሁ፤ አምንበታለሁም። ያን ቀን የወሰነው ግን ሕዝቡ ራሱ ነበር፤ በሽማግሌ፣ በስምምነት፣ በእጅ ብልጫ። ባለሙያው «የለም፣ ምንጩ ዳር ነው» ብለው ቢቆርጡ ኖሮ ስንት ሴት ልጅ በተማረች ነበር ብዬ አዝናለሁ። መልሼ ደግሞ ጽሕፈት ቤት ቆርጦ ሲወስን ያየሁት መንደር ምሥረታን ነውና ይህን ሐሳቤን አልወደውም። ሁለቱንም ይዤ ነው የኖርኩት፤ እናንተ ከእኔ የተሻለ መልስ ካገኛችሁ ደስ ይለኛል።

ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቻችሁ ሻንጣችሁን ሳትፈቱ የዝውውር ቅጽ ትጠይቃላችሁ። ደመወዙ እንደማያኖር አውቃለሁ፤ ስለ ደመወዝ የምገሥጻችሁ ነገር የለኝም። የሚያስከፋኝ አገሩን ሳታዩት መሄዳችሁ ነው። በመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብሎ ስልክ ላይ አንገት መድፋት፣ ከዚያ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ከተማ መግባት። አንድ ቀን ከተማሪዎቻችሁ ጋር እስከ ቤታቸው በእግራችሁ ሂዱ። ዳገቱን፣ ውሻውን፣ ምንጩን፣ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ እዩ። የትኛውም ሪፖርት ያን አይነግራችሁም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ልጨምር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ውስጥ ደመወዝ ሲቋረጥባችሁ፣ መንገድ ሲዘጋባችሁ፣ በሁለት በኩል ስትፈሩ ልጆች ሰብስባችሁ ያስተማራችሁ አላችሁ። እኛ በዘመናችን ብዙ አይተናል፤ ከእናንተ የሚበልጥ ድፍረት ግን አላየሁም።

መዝገብን ከትምህርት ቤቱ ዕድሜ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። በተመደባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ያለውን ሁሉ አንብቡ፤ የጎደለውን ደግሞ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ጠይቃችሁ ጻፉ። ቃለ ጉባኤ ስትይዙ የተሸነፈውን ሐሳብ ከነተናጋሪው ስም አስገቡ። ዛሬ የማየው ቃለ ጉባኤ ሁሉ «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብሎ ያበቃል፤ ማን ምን ብሎ ተቃወመ የሚለው የለም። ቅጂውን በቢሮ ብቻ አትተዉት። አንዱን ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያኑ ወይም ለመስጊዱ ስጡ። በስልካችሁ ፎቶ ማንሳትም ጥሩ ነው፤ ግን ስልክም ይሰረቃል፣ ወረቀቱን አትጣሉ።

አሁን በብዙ ወረዳዎች የተዘጉና የተጎዱ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሰላም ሲወርድ ይጠገናሉ፣ አዲስም ይሠራሉ። ያን ጊዜ በየጽሕፈት ቤቱ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። አሮጌው መሠረት ያለበት ቦታ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ እዚያው ላይ ለመገንባት ትጣደፋላችሁ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃልና። አንድ ወር ቢዘገይም በመጀመሪያ የቦታውን ነገር አንሡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አትጥሩ፤ ያን ሰዓት ሴቶች ወደ ቤት ይጣደፋሉ፣ የሚቀሩትም ከኋላ ይቀመጣሉ። በማለዳ፣ ውኃ የሚቀዳበት ቦታ ሂዱ። ሁሉንም አጥቢያ ሴቶች እዚያ ታገኟቸዋላችሁ፤ ሴት ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጆቻቸውን የት ቢሠራ እንደሚልኩ ጠይቁ፣ የሚሉትን ጻፉ፣ መልሳችሁ አንብቡላቸው፣ አስፈርሟቸው። የወንዶቹን ስብሰባ ከዚያ በኋላ ጥሩ።